የተበላሸው ቁልፉ ነው ወይስ በሩ? የቤት ቁልፍ ከመቀየሩ በፊት መታየት ያለባቸው ጉዳዮች

ክረምት ሲገባ በሮች ማስቸገር ይጀምራሉ። በበጋው በቀላሉ ይዞር የነበረ መክፈቻ ይጠነክራል፤ የእንጨት መዝጊያ እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ የላሜራ በር ደግሞ ማጠፊያው እየዛገና እየላላ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ወይም ተከራይ ብዙውን ጊዜ የሚደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው፤ ቁልፉ ተበላሽቷል፣ ይቀየር። አዲስ ቁልፍ ተገዝቶ፣ በሩ እንደገና ተበስቶ፣ ብየዳ ተጨምሮበት ከተገጠመ በኋላ ግን ያው ችግር ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ምክንያቱም መጀመሪያውኑ የተበላሸው ቁልፉ አልነበረም።

በአንጻሩ ምንም ጉድለት የማይታይበት፣ ያለ ችግር የሚከፈትና የሚዘጋ ቁልፍ ሳይውል ሳያድር መቀየር የሚኖርበት ጊዜ አለ። ይኸውም መክፈቻው በማን እጅ እንዳለ በማይታወቅበት ጊዜ ነው። ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያወጣው በመጀመሪያው ጉዳይ ላይ ሲሆን፣ ሁለተኛውን ግን ንብረት እስኪጠፋ ድረስ ልብ አይለውም።

ጥፋቱ የቁልፉ ይሁን የበሩ ለመለየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ መክፈቻውን አስገብቶ ማዞር ብቻ ነው። የቁልፉ ምላስ በሩ ክፍት ሳለ ያለ ችግር የሚወጣና የሚገባ፣ በሩ ሲዘጋ ግን የሚያስቸግር ከሆነ ቁልፉ ጤነኛ ነው። የተዛባው ምላሱና በመቃኑ ላይ ያለው የመቀበያ ቀዳዳ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ለመቆለፍ በሩን በእጀታው ወደ ላይ ማንሳት የሚጠይቅ ከሆነ ማጠፊያው ወርዷል ማለት ነው፤ በጉልበት መግፋት ወይም ወደ ራስ መሳብ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ መዝጊያው አብጧል ወይም መቃኑ ተንጋዷል። መፍትሔው የማጠፊያውን ብሎኖች ማጥበቅ፣ ያለቀ ማጠፊያን መቀየር ወይም የመቀበያውን ቀዳዳ በሞረድ ጥቂት ማስፋት ነው። ለዚህ የሚወጣው ወጪ ከሙሉ ቁልፍ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይሁን እንጂ ችላ ከተባለ ነገሩ ይከፋል፤ በየዕለቱ በኃይል የሚዞር መክፈቻ ጥርሱ ይበላል፣ በመጨረሻም ቁልፉ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ያን ጊዜ በሩም ቁልፉም ተበላሹ።

በሩ ክፍት ሆኖም መክፈቻው የሚንገራገጭ ከሆነ ችግሩ በእርግጥም በቁልፉ ውስጥ ነው። ዛሬ በብዙ የከተማ ቤቶች በር ላይ የሚገኘው ቁልፍ አሠራሩ ቀላል ነው። መክፈቻው በሚገባበት ሲሊንደር ውስጥ በሞላ የሚገፉ፣ ርዝመታቸው የተለያየ ትንንሽ ዘንጎች ተደርድረዋል። የመክፈቻው ጥርሶች እያንዳንዱን ዘንግ በትክክለኛው ከፍታ ላይ ሲያቆሙት ሲሊንደሩ ለመዞር ነጻ ይሆናል። አንዱ ዘንግ እንኳ በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ አይዞርም። ስለዚህ መክፈቻው ለዓመታት ከኪስ ወጥቶ ሲገባና ሲዞር ጥርሱ ቢበላ፣ ዘንጎቹም ቢያልቁ፣ ወይም አቧራ ከዘይት ጋር ተላቁጦ ሞላዎቹን ቢይዛቸው ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፤ መክፈቻው ካልተነቀነቀ አይሠራም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ቁልፉ ሲያስቸግር የምግብ ዘይት ወይም ግሪስ ማፍሰስ ለጊዜው ያለሰልሰዋል፤ ዘይቱ ግን አቧራውን እየሰበሰበ ከጊዜ በኋላ እንደ ጭቃ ይጋገራል። ከዚህ የሚሻለው ደረቅ ማለስለሻ ነው። ለእርሱም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የተማሪ እርሳስ ጥቁሩ ክፍል ግራፋይት የተባለው ማዕድን ከሸክላ ጋር ተደባልቆ የተሠራ ነው። የመክፈቻውን ጥርሶች በእርሳስ ደጋግሞ ማጥቆርና በቁልፉ ውስጥ እያስገቡ ማውጣት ብዙ ጊዜ ለውጥ ያመጣል።

ሌላው ስህተት በተበላ መክፈቻ ላይ ሌላ መክፈቻ ማስቀረጽ ነው። የመቅረጫው ማሽን የሚከተለው የተሰጠውን ቅርጽ በመሆኑ ያለቀውን ጥርስ እንዳለቀ ይገለብጠዋል። ቁልፉ ሲገዛ አብረውት ከሚመጡት መክፈቻዎች አንዱን ሳይጠቀሙ ማስቀመጥና ሲያስፈልግ በእርሱ ላይ ማስቀረጽ ይመረጣል። ያ ያልተነካ መክፈቻ የሚያስቸግረውን ቁልፍ ለመመርመርም ይጠቅማል፤ በእርሱ በቀላሉ ከተከፈተ ያለቀው መክፈቻው እንጂ ቁልፉ አይደለም።

ቁልፉ መቀየር እንዳለበት ከተረጋገጠ በኋላም ሙሉውን መንቀል ግድ አይደለም። ምላሱ፣ እጀታውና በበሩ ውስጥ የተቀበረው ሣጥን ደኅና ከሆኑ ሲሊንደሩን ብቻ መቀየር ይቻላል። ሥራው አንድ ካቻቢቴ ይበቃዋል። በበሩ ጠርዝ ላይ፣ በሲሊንደሩ ትክክል የገባው ረጅም ብሎን ይፈታል፤ መክፈቻው ገብቶ ጥቂት ይዞራል፤ በሲሊንደሩ መሃል ያለችው ተዟዟሪ ጥርስ ከአካሉ ጋር ስትስተካከል ሲሊንደሩ ተስቦ ይወጣል። ሳያዞሩ በጉልበት ለመሳብ መሞከር ሣጥኑን ከመጉዳት በቀር ውጤት የለውም።

ወደ ገበያ የሚኬደው አሮጌውን ሲሊንደር ይዞ ነው። መጠኑ የሚለካው መሃል ላይ ካለው የብሎን ቀዳዳ አንሥቶ እስከ ሁለቱ ጫፎች ለየብቻ ነው። በሁለቱም ወገን 30 ሚሊ ሜትር ያለው በአጠቃላይ 60፣ በሁለቱም ወገን 35 ያለው 70 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሁለቱ ወገኖች እኩል የማይሆኑባቸው በሮችም ስላሉ ጠቅላላ ርዝመቱን ብቻ ለክቶ መግዛት ያሳስታል። ረጅሙ ይሻላል ብሎ ማሰብም ትክክል አይደለም። ከበሩ ገጽ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውጭ ያፈነገጠ ሲሊንደር ለሌባ መያዣ ይሆናል፤ በጉጠት ተይዞ ከመሃሉ፣ ከብሎኑ ቀዳዳ ላይ ይሰበራል። የሲሊንደር ደካማ ቦታው እርሱ ነውና።

ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡባቸው ቦታዎች ቁልፍ መግዛት ዋጋው ቢያማልልም፣ ከቁልፉ ጋር የተሰጠው መክፈቻ ብቸኛው ስለመሆኑ ዋስትና የለም። እጀታና ማጠፊያ ከዚያ መግዛት ይቻላል፤ ሲሊንደር ግን አዲሱ ይሻላል።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው በኪራይ ቤቶች ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ክፍሎች ተከራይተው በሚኖሩበት ሁኔታ አንድ ክፍል በጥቂት ዓመታት ውስጥ በበርካታ ሰዎች እጅ ያልፋል። እያንዳንዱ ተከራይ ለራሱ፣ ለእኅት ለወንድሙ፣ ለቤት ሠራተኛው መክፈቻ አስቀርጾ ሊሆን ይችላል። ሲወጣ የሚመልሰው የተሰጠውን እንጂ ያስቀረጸውን አይደለም፤ ብዙ ጊዜም በክፋት ሳይሆን በመርሳት ነው። አዲሱ ተከራይ በሩን ቆልፎ ወደ ሥራ ሲሄድ ያ ሁሉ መክፈቻ በከተማው ውስጥ አለ። ስለዚህ ተከራይ በተቀየረ ቁጥር ሲሊንደሩን መቀየር ከአከራይም ሆነ ከተከራይ አንጻር ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው። አከራዩም ይጠቀማል፤ በቤቱ ንብረት ቢጠፋ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚያርፈው መክፈቻ ባለው ሰው ላይ ነውና።

ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው በየጊዜው የሚያጨቃጭቅ ነው። በመንግሥት የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ይጠይቃል። የቁልፍን ጉዳይ በዚህ ውል ውስጥ በሁለት መስመር ማስፈር ኋላ የሚመጣውን ጭቅጭቅ ያስቀራል፤ ስንት መክፈቻ እንደተሰጠ፣ አከራዩ ትርፍ መክፈቻ ይይዝ እንደሆነ፣ ቁልፉ ቢበላሽ ማን እንደሚያሠራው። ውሉ ዝም ባለበት ሁኔታ ለሁለቱም ወገን የሚቀለው፣ በዕርጅና ያለቀውን አከራዩ፣ በተከራዩ ጥፋት የጠፋውን ወይም የተሰበረውን ተከራዩ እንዲተካ መስማማት ነው። ተከራዩ ለአከራዩ ሳያሳውቅ ቁልፍ መቀየሩ አለመተማመንን ይፈጥራል። አከራዩም የዘገየ ኪራይ ለማስከፈል ብሎ ተከራዩ በሌለበት ቁልፍ ቢቀይር ዕዳ አስከፈለ አይባልም፤ የራሱን ሕጋዊ ጥያቄ ያበላሻል እንጂ። ክርክር ካለ መፈታት ያለበት በሕግ ነው።

ቁልፉ የተሰበረው በስርቆት ወይም በስርቆት ሙከራ ከሆነ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይለያል። በሩ ሳይነካካ ለፖሊስ ማሳወቅ ይቀድማል፤ የተሰበረው ቁልፍ ራሱ ማስረጃ ነው።

በገጠር ቤቶች፣ በጎተራና በመጋዘን በሮች ላይ በብዛት የሚሠራው ጓጉንቸር ነው። ጓጉንቸር ሲመረጥ የሚታየው ክብደቱና ውፍረቱ ቢሆንም፣ ሌባ ብዙ ጊዜ ጓጉንቸሩን አይነካውም። የሚነቅለው ጓጉንቸሩ የሚንጠለጠልበትን ብረት ነው። በአጫጭር ምስማር ወይም ከውጭ በሚፈታ ብሎን ሳንቃው ላይ የተመታ ብረት ላይ የቱንም ያህል ውድ ጓጉንቸር ቢንጠለጠል ጥቅም የለውም። ብሎኑ ሳንቃውን አልፎ ከውስጥ በኩል በሰፊ ቀለበትና በዳዶ መጥበቅ አለበት፤ በላሜራ በር ላይ ከሆነ ብየዳ ይሻላል። የማጠፊያው ዘንግ በውጭ በኩል ከሆነ ደግሞ ተመትቶ እንዳይወጣ ጫፉን ማስበየድ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በሩ ከተቆለፈበት በተቃራኒው ወገን ይከፈታል።

ዝናብና ጠል የሚያገኘው የብረት ጓጉንቸር በአንድ ክረምት ሊዝግ ይችላል። ከነሐስ መሰል ቢጫ ብረት የተሠራው ዝገትን የበለጠ ይቋቋማል። የመክፈቻው ቀዳዳ ወደ ታች እንዲሆን አድርጎ ማንጠልጠልና ከላዩ የጎማ ቁራጭ እንደ ክዳን ማድረግ ውኃ እንዳይገባ ይረዳል። በብዙ ጓጉንቸሮች ሥር የምትታየው ትንሽ ቀዳዳ የገባ ውኃ የሚወጣባት ስለሆነች በቀለም ወይም በጭቃ መደፈን የለባትም።

ቁልፍ ሲጠናከር የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፤ በሩ ከውስጥ በፍጥነት መከፈት መቻሉ። መስኮቶቹ ሁሉ የብረት ፍርግርግ ባላቸው ቤቶች እሳት ቢነሣ መውጫው በሩ ብቻ ነው። ሌሊት ከውስጥ በጓጉንቸር ተቆልፎ መክፈቻው በጨለማ የሚፈለግበት በር አደገኛ ነው። ከውስጥ በእጅ የሚከፈት መቀርቀሪያ ይመረጣል፤ በመክፈቻ ብቻ የሚከፈት ከሆነም መክፈቻው የሚቀመጥበትን ቦታ ልጆችን ጨምሮ ቤተሰቡ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። መክፈቻውን ከውስጥ በቁልፉ ላይ ሰክቶ ማደርም በብዙ ሲሊንደሮች ላይ ከውጭ ለእርዳታ የመጣ ሰው በሌላ መክፈቻ እንዳይከፍት ያግደዋል።

ልጆችን በቤት ውስጥ ትቶ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር መቆለፍ በአንዳንድ አካባቢዎች ይታያል። ወላጅ ይህን የሚያደርገው ልጆቹ ወደ መንገድ እንዳይወጡ በማሰብ ነው። ሆኖም ምድጃ ወይም የከሰል ማንደጃ ባለበት ቤት ጭስ ወይም እሳት ቢነሣ ሕፃናቱ የሚወጡበት ቀዳዳ አይኖርም። ለጥቂት ደቂቃ መውጣት ግድ ከሆነ እሳቱን አጥፍቶ፣ መክፈቻውን ቅርብ ላለ የሚታመን ጎረቤት ሰጥቶ፣ ልጆቹ ውስጥ መኖራቸውንም ነግሮ መሄድ ያስፈልጋል።