የተጋጣሚን ምልክት መስረቅ፡ ለዓይን የተፈቀደው ለካሜራ ለምን ተከለከለ?

በአውሮፓውያኑ መስከረም 9/2007 ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ኒው ዮርክ ጄትስን 38 ለ 14 ረታ። ከዚያ ዕለት የሚታወሰው ግን ውጤቱ ሳይሆን በሜዳው ጠርዝ የተያዘ አንድ ካሜራ ነው።

የፓትሪዮትስ ባልደረባ በካሜራው ይቀርጽ የነበረው የጄትስ አሰልጣኞች ለተከላካዮቻቸው በእጃቸው የሚሰጡትን ምልክት ነበር።

በአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታው በየጥቂት ሰከንዱ ይቆማል። ሁለቱም ቡድኖች በዚህ መሃል ቀጣዩን ስልት ይመርጣሉ። የማጥቃቱ መሪ የሆነው ኳርተርባክ ከ1994 ጀምሮ የአሰልጣኙን ትዕዛዝ የሚሰማው በራስ ቁሩ ውስጥ በተገጠመ ሬዲዮ ነው። ተከላካዮች ግን በ2007ም የሚመሩት በእጅ ምልክት ነበር። ምልክቱን የፈታ ቡድን፣ ማን ወደ ኳርተርባኩ እንደሚሮጥና የትኛው የሜዳ ክፍል ክፍት እንደሚሆን ቀድሞ ሊያውቅ ይችላል።

ይህን በዓይን አይቶ መፍታት አልተከለከለም። አሰልጣኞች አፋቸውን በወረቀት የሚሸፍኑትም፣ ሐሰተኛ ምልክት የሚሰጡ ሰዎችን የሚያሰልፉትም ለዚህ ነው። የሊጉ ደንብ የከለከለው በጨዋታ ወቅት ከሜዳው ጠርዝ በቪዲዮ መቅረጽን ነው። ዓይን ያየውን ሊረሳ ይችላል፤ ቪዲዮ ግን እያንዳንዱን ምልክት ተከትሎት ከመጣው እንቅስቃሴ ጋር ደጋግሞ ለማነጻጸር ያስችላል። ፓትሪዮትስና ጄትስ ደግሞ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይገናኛሉ።

የፓትሪዮትስ አሰልጣኝ ቢል ቤሊቺክ ደንቡን በተሳሳተ መንገድ መተርጎማቸውን ገልጸው ይቅርታ ጠየቁ። የሊጉ ኮሚሽነር ሮጀር ጉዴል አሰልጣኙን 500 ሺህ ዶላር፣ ክለቡን 250 ሺህ ዶላር ቀጡ። ክለቡ በ2008 አዳዲስ ተጫዋቾች በሚመረጡበት ድራፍት የመጀመሪያ ዙር ዕድሉንም ተነጠቀ።

ሊጉ በቀጣዩ ዓመት ለአንድ ተከላካይም የራስ ቁር ሬዲዮ ፈቀደ፤ የእጅ ምልክትም የቀድሞ ቦታውን አጣ።

ጥርጣሬው ግን አልጠፋም። ሊጉ ከክለቡ የተረከባቸውን ቪዲዮዎች ማስወገዱ ሴናተር አርለን ስፔክተርን ጨምሮ ብዙዎችን አስቆጥቷል። ፓትሪዮትስ ከ2007 በፊት ያነሳቸው ሦስት የሱፐር ቦውል ዋንጫዎች በችሎታ ብቻ የተገኙ ናቸው የሚሉትም ሆነ ይህን የሚጠራጠሩት፣ ለክርክራቸው የሚያቀርቡት ዋነኛ ማስረጃ ከቪዲዮዎቹ ጋር ጠፍቷል።