የተፈለፈለው ወረቀት፦ ስቴንስልና አክሪሊክ ቀለም በሥዕል ሥራ

በአምቦም ሆነ በጊንጪ፣ በአዲስ ዓለምም ሆነ በጉደር፣ ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባ ባለ ጉዳይ፣ ተራው እስኪደርስ ድረስ በተቀመጠበት ወንበር ጀርባ ላይ ወይም ፊት ለፊቱ በቆመው የመዝገብ ቁም ሣጥን ጎን ላይ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም በምኅጻረ ቃል ከንብረቱ ቁጥር ጋር በቀይ ወይም በነጭ ቀለም ተጽፎ ያያል፤ ትኩር ብሎ የተመለከተው እንደ ሆነም የፊደሎቹ አካል እዚህም እዚያም እየተቆረጠ፣ በመካከሉ እንደ ክር የቀጠነ ባዶ መሥመር እንደ ቀረበት ያስተውላል።

ይህ ባዶ መሥመር የጸሐፊው ስንፍና ያመጣው ሳይሆን የመሣሪያው ጠባይ የሚያስገድደው ነው። ስቴንስል የሚባለው መሣሪያ በቆርቆሮ፣ በወፍራም ወረቀት ወይም በፕላስቲክ ላይ አንድ ቅርጽ ተፈልፍሎ፣ ቀለሙ በክፍቱ በኩል ብቻ አልፎ ከታች ባለው ነገር ላይ እንዲያርፍ የሚያደርግ ነውና፣ «አምቦ» የሚለውን ስም ቆርጦ ለማውጣት የተነሣ ሰው «አ»ንና «ቦ»ን ያለ ችግር ይጨርስና፣ «ም» ላይ ሲደርስ ሁለቱ ክብ ዓይኖች ምላጩ እንደ ዞረባቸው ተገንጥለው ይወድቁበታል፤ በፊደሉም ፈንታ ሁለት ድፍን ጉድጓድ ይቀርለታል። ስለዚህ ዓይኖቹን ከቀረው ወረቀት ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ድልድይ ለእያንዳንዳቸው መተው አለበት። «ወ»፣ «ቀ»፣ «ዐ»፣ «ፀ» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። የእኛ ፊደል ዓይኑ የበዛ በመሆኑ ስቴንስል ቆራጩን ያደክመዋል፤ ድልድዮቹን የት የት እንደሚጥል አስቀድሞ ያሰበ ቆራጭ ግን፣ ከዚያው ከችግሩ የሚያምር አጻጻፍ ያወጣል።

ከዚህ የረቀቀውን የስቴንስል ዓይነት ደግሞ ዕድሜው ገፋ ያለ ተማሪ ሁሉ አይረሳውም። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የጽሕፈት መኪናውን ሪባን ወደ ጎን አድርጋ ሰም በተቀባው ስስ ወረቀት ላይ ስትመታ፣ የብረቱ ፊደል ሰሙን እየበሳ ያልፍ ነበር፤ ከዚያም ወረቀቱ በማባዣው መኪና ከበሮ ላይ ተጠቅልሎ እጀታው ሲሽከረከር፣ ቀለሙ በተበሳው በኩል እየሾለከ የፈተናውን ጥያቄ ለክፍሉ ሁሉ ያዳርስ ነበር። የ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ ወረቀቶችም በብዛት የተባዙት በዚሁ መኪና ነው። እንዲህ ሆኖ ስቴንስል በአገራችን ለረጅም ዘመን የቢሮ አገልጋይ፣ የንብረት መዝጋቢና የጽሑፍ አባዢ ሆኖ ኖረ፤ የሥዕል ባልደረባ ለመሆን መብቃቱን ግን ጥቂቶች ካልሆኑ በስተቀር ልብ ያለው አልነበረም።

ይሁን እንጂ ከሥዕል ጋር ያለው ዝምድና ከቢሮው ጋር ካለው ዝምድና እጅግ የቀደመ ነው። በኢንዶኔዥያ የሱላዌሲ ደሴት፣ በዋሻ ግድግዳ ላይ መዳፉን አስደግፎ በዙሪያው ቀለም የነፋ ሰው የተወው የእጅ ምስል፣ ሊቃውንት እንደ መረመሩት ቢያንስ 39 ሺህ 900 ዓመት ሆኖታል፤ ይህ ሰው የገዛ እጁን ስቴንስል አደረገ ማለት ነው። ጃፓኖች በወረቀት ስቴንስል ልብስ ሲያስጌጡ ብዙ መቶ ዓመት ኖረዋል፤ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሄንሪ ማቲስ በመቀስ የቆረጣቸውን ቅርጾች እ.ኤ.አ. በ1947 በስቴንስል አሳትሞ መጽሐፍ አደረጋቸው፤ በዘመናችንም ባንክሲ የተባለው ስሙን የሰወረ እንግሊዛዊ የከተማ ግድግዳዎችን በዚሁ ጥበብ ሞልቶአቸዋል። የግድግዳ ሠዓሊው ስቴንስልን የሚመርጠው ሥራውን እቤቱ ቆርጦ ጨርሶ፣ ውጭ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀብቶ ለመሄድ ስለሚያስችለው ነው፤ ከጥበቃ ዓይን ለሚሸሽ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም መሆኑን መካድ አይቻልም።

አሁን ወደ ቀለሙ እንለፍ። አክሪሊክ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ በውኃ የሚቀጥን ሆኖ ለሠዓሊዎች የቀረበ ቀለም ነው። የተፈጨው ኅብር በውኃ ውስጥ ከተበተነ ረቂቅ የፕላስቲክ ብናኝ ጋር ይቀላቀላል፤ ውኃው በሚተንበት ጊዜ ብናኞቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አንድ ቀጭን ቆዳ ይሆናሉ፤ ይህም ቆዳ አንድ ጊዜ ከደረቀ በኋላ ውኃ መልሶ አያሟሟውም። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት ሲፈልግ፣ በስሱ የተቀባ አክሪሊክ በበጋ አየር በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ለስቴንስል ሠሪ ከዚህ የሚሻል ጠባይ የለም፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ቅርጽ እንደ ደረቀ ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን፣ የታችኛውን ሳያበላሽ በላዩ ላይ መደራረብ ይችላል። የደረቀው አክሪሊክ ግን ብሩሽንም አይምርምና፣ ብሩሹም ስቴንስሉም ገና እርጥብ ሳሉ በውኃ ይታጠቡ። በዘይት ቀለም በተቀባ ገጽ ላይም አክሪሊክ መቀባት አይገባም፤ ጊዜ ቆይቶ ይላጣልና።

በዚህ ሥራ ጀማሪን ሁሉ የሚያሳዝነው ቀለሙ ከስቴንስሉ ሥር እየሾለከ የቅርጹን ጠርዝ ማበላሸቱ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የቀለም መብዛት ነው። ብሩሹ ጠጕሩ አጭርና ጠንካራ ይሁን፤ ቀለሙ በውኃ አይቅጠን፤ ብሩሹ ቀለም ከነካ በኋላ በቁራጭ ጨርቅ ላይ እየተመታ የደረቀ እስኪመስል ድረስ ይራገፍ፤ ከዚያም ወደ ጎን ሳይጎተት፣ ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች እየተመታ ከጠርዝ ወደ መካከል ይሂድ። ብሩሽ ያላገኘ ከአሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ቆርጦ ቢጠቀም ሥራው አይጎድልበትም። ለስቴንስሉ ራሱ ደግሞ፣ በየቤቱ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ እየጠጣ ከሚኖረው ከአሮጌ የራጅ ፊልም የሚሻል ነገር አላየሁም፤ ቀለም አይመጥም፣ ታጥቦ ይመለሳል፣ በብርሃን ፊት ሲያዝም ከሥሩ ያለውን ንድፍ ያሳያል፤ የማን ሳንባ እንደ ነበረ ግን መጠየቅ አያስፈልግም።

ቅይጥ ሥራ፣ ሠዓሊዎቻችን ሚክስድ ሚዲያ የሚሉት፣ በአንድ ገበታ ላይ ቀለምን ከወረቀት፣ ከጨርቅ፣ ከእንጨት፣ ከሽቦና ከመሰለው ሁሉ ጋር አዋሕዶ መሥራት ነው። ይህ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ሰበዝ ላይ ሥሎአል፤ ኤልያስ ስሜ የተጣለ የኮምፒዩተር አካልና የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ጥልፍ እያያያዘ ታላላቅ ገበታዎችን ሠርቶአል፤ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮቭ የግእዝን ፊደል በአክሪሊክ ቀለም እያፈረሰና እየገነባ የሥዕሉ ሁሉ መሠረት አድርጎታል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱም ቀለም በሌለው አክሪሊክ ሥዕሏን እየሸፈነች፣ ገጹን እየፋቀች፣ በላዩ እንደገና በቀለምና በአክሪሊክ እየሠራች፣ ተመልካች የታችኛውን ንብርብር በላይኛው ውስጥ አሾልኮ እንዲያይ ታደርጋለች። እነዚህን አራቱን የምጠቅሰው ስቴንስል ይጠቀማሉ ለማለት ሳይሆን፣ ቁስን ከቁስ፣ ንብርብርን ከንብርብር ማስማማት በእኛ ሰዎች እጅ ምን ያህል እንደ ደረሰ ለማሳየት ነው።

ስቴንስል በእንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ ሲገባ ከወንበሩ ቁጥር ፈጽሞ የተለየ ፍጡር ይሆናል። በገበታው ላይ የአሮጌ ጋዜጣ ወይም የጆንያ ቁራጭ በኮላ ተለጥፎ ሲደርቅ፣ አንድ ቅርጽ በቢጫ ቀለም ይመታበታል፤ ያው ስቴንስል በጥቂቱ ፈቀቅ ተደርጎ በቡናማ ሲደገም ቅርጹ የገዛ ጥላውን ያወጣል። በክፍቱ በኩል ከቀለም ይልቅ ስቱኮ ወይም ወፍራም አክሪሊክ በቢላ ተዳምጦ ስቴንስሉ ቀስ ተብሎ ቢነሣ፣ ቅርጹ ከገጹ ብድግ ብሎ በጣት የሚዳሰስ ይሆናል። በደረቀ ቀለም ላይ ሌላ ቀለም ተቀብቶ ሳይደርቅ ስቴንስሉ ቢጫንበትና ክፍቱ በእርጥብ ጨርቅ ቢጠረግ፣ የታችኛው ቀለም በቅርጹ ልክ ይገለጣል፤ ይህ በመጨመር ፈንታ በመቀነስ የሚሣል ሥዕል ነውና ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደንቀኛል። ከፍልፍሉ የወጣውም ቁራጭ አይጣልም፤ እርሱን በገበታው ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን መቀባት እንደ ዋሻው እጅ ባዶውን ምስል ያደርገዋል።

ለዚህ ለመጨረሻው ሥራ የምዕራብ ሸዋ ሰው ምላጭ እንኳ አያስፈልገውም። ከጊንጪ ከተማ በስተሰሜን ያለው የጭልሞ ደን፣ የአዋሽ ወንዝ ከሚነሣበት አገር የሚገኝ፣ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ የተባሉትን የደጋ ዛፎች የያዘ ቅርስ ነው። የዝግባ ቅጠል እንደ ጦር ቀጥ ያለና ሾጣጣ፣ የኮሶ ቅጠል ጠርዙ እንደ መጋዝ የተተለተለ፣ የጽድ ጫፍ እንደ ዳንቴል የረቀቀ ነው፤ በከባድ መጽሐፍ መካከል ጥቂት ቀን ተጭነው የተጠፈጠፉ እንደ ሆነ፣ በስፖንጅ ቀለም በዙሪያቸው ሲመታ፣ ሲነሡም ሰው በብሩሽ ሊሥለው የማይችለውን ጠርዝ ትተው ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ ደኑ የአካባቢው ሕዝብ በማኅበር ተደራጅቶ የሚጠብቀው ስለ ሆነ፣ ከወደቀው ይለቀም እንጂ ከቅርንጫፉ አይቀነጠስ።

ከቅጠሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በብራና መጻሕፍታችን ላይ ያለው ሐረግ ነው። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን የነበሩ ቁም ጸሐፊዎች በየምዕራፉ ራስ ላይ እያጠላለፉ የሣሉት ይህ ጌጥ፣ አንድ ቋጠሮ እየተደጋገመ የሚሄድ ነውና፣ ለስቴንስል እንደ ተፈጠረ ያህል ይስማማዋል። አንዱን ቋጠሮ ብቻ በጥንቃቄ የፈለፈለ ሰው ሙሉ የገበታ ክፈፍ ሊያወጣበት ይችላል። እርግጥ ነው፣ ቁም ጸሐፊው በእጁ ሲሥለው አንዱ ቋጠሮ ከሌላው በጥቂቱ ይለያል፤ ሕይወቱም በዚያ ልዩነት ውስጥ ነው፤ ስቴንስል ግን ሁሉንም አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ሐረጉን በስቴንስል መትቶ እዚያ ላይ ማቆም የወንበሩን ቁጥር እንደ መጻፍ ነው፤ ድልድዮቹን በቀጭን ብሩሽ መድፈን፣ አንዱን ቋጠሮ ማድመቅ፣ ሌላውን ማደብዘዝ፣ አንዳንዱንም ከጆንያው ሥር መቅበር ያስፈልጋል። ይህን የማይጨምር ሠዓሊ የማተሚያ መኪናውን ሥራ ነው የሠራው።

ዛሬ ዛሬ ከውጭ አገር የመጣ፣ ቢራቢሮና ጽጌረዳ የተፈለፈለበት የፕላስቲክ ስቴንስል እየተገዛ ለሕፃን ክፍልና ለሻይ ቤት ግድግዳ ያገለግላል፤ ክፉ ነገርም አይደለም፤ ነገር ግን ያን ገዝቶ በሸራ ላይ የመታ ሰው የሌላውን ንድፍ አቀለመ እንጂ ሥዕል ሣለ ብዬ ለመመስከር እቸገራለሁ። በአምቦና በአካባቢዋ የሥዕል ትምህርት የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ ከቤታቸው አንድ የራጅ ፊልም፣ አንድ የጆንያ ቁራጭና ከመሬት የለቀሙትን አንድ ቅጠል ይዘው እንዲመጡ እዘዙአቸው። ቀለሙ ውድ የሆነበት ትምህርት ቤት ለልምምድ የሚሆን በውኃ የሚቀጥን የግድግዳ ቀለም ይግዛ፤ ፀሐይ ላይ ቶሎ የመደብዘዝ ጠባይ አለውና ለሚሸጥ ሥራ ግን አይመከርም። ምላጩንም መምህሩ ራሱ ይያዘው።