ከዩቲዩብ መዝገብ መርጦ ስለ ማቅረብ

የሥነ ሕይወት መምህር ስለ ልብ አሠራር በሚያስተምርበት ጊዜ፣ ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ሳንባ ሄዶ፣ ከሳንባም ነጽቶ ወደ ግራው ክፍል ተመልሶ ወደ መላው አካል እንዴት እንደሚሠራጭ በቃልና በጠመኔ ብቻ ከማስረዳት ይልቅ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ጭምር ቢያሳይ፣ ትምህርቱ በተማሪው ልቡና ይበልጥ እንደሚቀረጽ አያጠራጥርም። ዳሩ ግን ተማሪውን «ሂድና ከዩቲዩብ ፈልገህ ተመልከት» ብሎ ያሰናበተው እንደ ሆነ፣ ልጁ የታዘዘውን ቪዲዮ እኩሌታውን እንኳ ሳያይ በጎን የተደረደረው ዘፈን፣ ቀልድና የእግር ኳስ ግጥሚያ ሐሳቡን ይወስደውና ትምህርቱ ከመንገድ ይቀራል። መምህሩ የሚሻው ከረዥሙ ቪዲዮ ውስጥ አራት ደቂቃ መርጦ፣ በራሱ ድረ ገጽ ላይ፣ በራሱ ጥያቄ አጅቦ ማቅረብ ነው፤ ይህንንም ለማድረግ የሚያስችለው ኤፒአይ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሲሆን፣ በዚህ ሥርዓት ተሠርታ በድረ ገጽ ላይ የምትቀመጠው ትንሽ መሣሪያ ዊጀት ትባላለች።

ዩቲዩብን እ.ኤ.አ. በ2005 የመሠረቱት ቀድሞ የፔይፓል ባልደረቦች የነበሩት ቻድ ሃርሊ፣ ስቲቭ ቼንና ጃዌድ ካሪም ሲሆኑ፣ በመዝገቡ የገባው የመጀመሪያው ቪዲዮ ካሪም በሳንዲዬጎ የአራዊት ማቆያ በዝሆኖች ፊት ቆሞ የተነሣው የ19 ሰከንድ ሥዕል ነበር። በማግሥቱ ዓመት ጉግል ድርጅቱን በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ከዚያ ወዲህ የተከማቸው ቪዲዮ አንድ ሰው በዕድሜ ዘመኑ አይቶ የማይጨርሰው ስለ ሆነ፣ የዛሬው ተመልካች ችግር ከማጣት ወደ መምረጥ ተዛውሯል። የዊጀት ጥቅም የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፤ ሠሪዋ አዲስ ቪዲዮ ባይፈጥርም፣ ከተፈጠረው ውስጥ ለሚያገለግለው ሰው የሚበጀውን ለይቶ በሥርዓት ያቀርባል።

የኤፒአይን ግብር ለመረዳት በቀድሞው ቤተ መንግሥት የነበረውን እልፍኝ አስከልካይ ማሰብ ይበቃል፤ ባለጉዳይ ዘው ብሎ ሊገባ አይፈቀድለትምና ጉዳዩን በወጉ አሰናድቶ ለአስከልካዩ ይነግራል፣ አስከልካዩም ማንነቱንና የጉዳዩን ተገቢነት መርምሮ ያስገባዋል ወይም ይመልሰዋል። እንዲሁም ድረ ገጹ ወደ ዩቲዩብ መዝገብ በቀጥታ አይደርስም፤ ጥያቄውን በተወሰነ የአጻጻፍ ሥርዓት አዘጋጅቶ፣ ከጉግል በነፃ የሚሰጠውን መለያ ቁልፍ አያይዞ ይልካል። እያንዳንዱ ቪዲዮ በ11 ምልክቶች የተጻፈ የራሱ መለያ አለው፤ ያንን ጠቅሶ የጠየቀ ድረ ገጽ፣ የቪዲዮውን ርእስ፣ መግለጫ፣ ርዝመትና የተመልካቹን ቁጥር ጄሶን በሚባለው አጻጻፍ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ነገር ስም ከፊት፣ ምላሹም ከኋላው በተጻፈበት ዝርዝር፣ በቅጽበት ይደርሰዋል።

ይህ የመረጃው ኤፒአይ ነው፤ ቪዲዮውን የሚያጫውተው ግን ሌላ ሲሆን፣ ስሙም የአይፍሬም ማጫወቻ ኤፒአይ ይባላል፤ ለእርሱ መለያ ቁልፍ እንኳ አያስፈልግም። መምህሩ፣ ወይም የሚረዳው ፕሮግራም አዋቂ፣ ጃቫስክሪፕት በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጥቂት መስመር ጽፎ ማጫወቻውን በገጹ ላይ ይከፍታል፤ የሚሻው ክፍል ከ12ኛው ደቂቃ በኋላ የሚጀምር እንደ ሆነ፣ ማጫወቻው ጊዜን በሰከንድ ስለሚቆጥር መነሻውን 720 ብሎ ይጽፋል። ማጫወቻውም ያለበትን ሁኔታ በአኃዝ ያስታውቃል፤ 1 ሲል እየተጫወተ፣ 2 ሲል ባለበት ቆሞ፣ 3 ሲል ከኢንተርኔት የሚመጣውን እየጠበቀ፣ 0 ሲል ፈጽሞ መሆኑን ያመለክታል። ነገር ግን የጥያቄው ሰዓት መድረሱን የሚያሳስብ ምልክት ስለሌለው፣ የገጹ ኮድ ራሱ በየግማሽ ሰከንዱ የት እንደ ደረሰ እየጠየቀ ይከታተላል፤ ቆጣሪው 810 ሲደርስ፣ ይኸውም በሥዕሉ ላይ ደሙ ወደ ሳንባ ሊገባ ሲል፣ ቪዲዮውን ያቆመውና «ይህ ደም ኦክስጅን የበዛበት ነው ወይስ ያነሰበት?» የሚል ጥያቄ ከማጫወቻው በታች ያወጣል። ተማሪው በትክክል ከመለሰ ቪዲዮው ይቀጥላል፤ ከተሳሳተም ወደ 780 ተመልሶ ያንኑ 30 ሰከንድ ዳግመኛ ያሳየዋል፤ በዚህም ዝም ብሎ ይመለከት የነበረው ልጅ መላሽና መርማሪ ይሆናል።

ሠሪው ከዚህ ቀጥሎ ሊያውቀው የሚገባው ልክን ነው። የመረጃው ኤፒአይ በተለመደው ድንጋጌ ለአንድ ተጠቃሚ ሥራ በቀን 10,000 ነጥብ ይመድባል፤ በቃል ፈልጎ ማግኘት በአንድ ጊዜ 100 ነጥብ ሲፈጅ፣ የታወቀን ቪዲዮ ወይም ፕሌይሊስት፣ ማለትም አስቀድሞ በተርታ የተሰናዳ የቪዲዮ ስብስብ፣ ዝርዝር መጠየቅ 1 ነጥብ ብቻ ይፈጃል። እንግዲህ ተማሪ ገጹን በከፈተ ቁጥር «የልብ አሠራር» እያለች የምትፈልግ ዊጀት ከመቶ ተማሪ በኋላ ለሚመጣው ባዶ ገጽ ታሳያለች፤ ቪዲዮዎቹን አስቀድሞ በፕሌይሊስት አሰናድቶ፣ እስከ 50 የሚሆኑትን በአንድ ነጥብ ጠይቆ፣ መልሱንም በሰርቨሩ ለጊዜው አኑሮ ለሁሉም የሚያድል ሰው ግን በዚያው ድርሻ እልፍ ተማሪ ያስተናግዳል። ድርሻው የሚታደሰው በካሊፎርኒያ እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ ይህም በአዲስ አበባ ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በበጋ ወራት ወደፊት በሚያደርጉበት ጊዜ ደግሞ 4 ሰዓት ነው፤ ማለዳ በ2 ሰዓት የተሟጠጠ ድርሻ የጠዋቱን ትምህርት አብዛኛውን ያለ አገልግሎት ያስቀረዋል ማለት ነው።

የባለቤትን መብት ማክበርም ከሙያው አይለይም። የቪዲዮው ባለቤት ሥራው በሌላ ገጽ እንዳይታይ የመከልከል ሥልጣን አለው፤ ከከለከለም ማጫወቻው 101 ወይም 150 የሚል የስሕተት ቁጥር ይመልሳል፤ በዚህ ጊዜ ተገቢው ሥራ ባለቤቱን ማስፈቀድ ወይም ሌላ ቪዲዮ መፈለግ እንጂ፣ አውርዶ በራስ ሰርቨር ላይ መጫን አይደለም። ድምፁን ከሥዕሉ ነጥሎ ማሰማት፣ ማስታወቂያውን ማገድ፣ በማጫወቻው ላይ ሌላ ነገር ደርቦ መሸፈንና ከ200 በ200 ፒክስል አሳንሶ ማስቀመጥም በደንቡ የተከለከለ ነው፤ ገደቡ የበዛ ቢመስልም፣ ቪዲዮውን ደክሞ ያዘጋጀው ሰው የድካሙን ዋጋ የሚያገኘው ሥራው እንደ ወጣ ሳይጎድል ሲታይለት መሆኑን ማሰብ ይገባል። መለያ ቁልፉ ደግሞ በገጹ ኮድ ውስጥ ለማንም የሚታይ ከሆነ፣ ከዚያው ድረ ገጽ በቀር በሌላ እንዳይሠራ በጉግል መቆጣጠሪያ መወሰን አለበት፤ ያለዚያ ባዕድ ሰው ወስዶ ድርሻውን ሊፈጅበት ይችላል።

በሌላው ይዞታ ላይ የሚሠራ ሰው የባለ ይዞታው ሥርዓት ሊለወጥ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። ዩቲዩብ የመረጃው ኤፒአይ ሁለተኛ ዕትም ጊዜው ማለፉን እ.ኤ.አ. በ2014 አስታውቆ በ2015 በዘጋው ጊዜ፣ በአሮጌው ሥርዓት የተሠሩ ዊጀቶች ይቅርና፣ ከዓመታት በፊት የተገዙ አንዳንድ ቴሌቪዥኖች እንኳ የዩቲዩብ ፕሮግራማቸው ሥራ አቆመ። ከዚህ የሚገኘው ምክር ግልጽ ነው፤ ማጫወቻው የዩቲዩብ፣ ቪዲዮውም የአዘጋጁ ሲሆን፣ የመምህሩ ገንዘብ የሆነው ምርጫው፣ ቅደም ተከተሉና ጥያቄው ነውና፣ እነዚህን ከኮዱ ለይቶ በራሱ መዝገብ ጽፎ ያኖረ ሰው፣ ሥርዓቱ በተለወጠ ጊዜ እንደ አዲስ የሚጽፈው ኮዱን ብቻ ይሆናል። ኮዱን የሚያስተምር ሰነድ ጉግል በነፃ አውጥቶታል፤ የትኛው አራት ደቂቃ ለየትኛው ተማሪ እንደሚበጅ ግን ከመምህሩ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ይህን ሙያ ለመያዝ የሚነሣ ወጣት፣ ከኮምፒውተሩ ፊት ከመቀመጡ አስቀድሞ ከመምህሩ ጋር ተቀምጦ ቢመክር፣ ሥራው ለብዙ ተማሪ የሚተርፍ ይሆናል።