ጰራቅሊጦስ፦ ከጎን ሊቆም የተጠራው

ጰራቅሊጦስ «ፓራክሌቶስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። «ፓራ» ከጎን፣ «ካሌኦ» ደግሞ መጥራት ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲገጥሙ ከአንድ ሰው ጎን እንዲቆም የተጠራ ረዳት ማለት ይሆናል። ቃሉ በአዲስ ኪዳን የሚገኘው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁሉም በዮሐንስ ጽሑፎች ውስጥ ናቸው። አራቱ በወንጌሉ ከምዕራፍ 14 እስከ 16፣ አንዱ በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 2 መግቢያ ላይ ይነበባል።

ከክርስትና በፊት ቃሉ የችሎት ቃል ነበር። በጥንቷ አቴና ከሳሽም ተከሳሽም ስለ ራሱ ጉዳይ ራሱ ይናገር ነበር እንጂ እንደ ዛሬው ሙያው ጥብቅና የሆነ ሰው አይወክለውም። ስለዚህ ባለጉዳዩ ዘመድ ወዳጁን ይጠራል፤ የተጠሩትም አብረውት ቀርበው ዳኞቹን ይማጠኑለታል። የአቴናው ንግግር አዋቂ ዴሞስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ343 ዓመት ባሰማው የክስ ንግግር መግቢያ ላይ ቃሉን የተጠቀመበት ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ነው። ተበዳይ ፊት ሽማግሌ ይዞ መቅረብን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። አይሁድም ቃሉን ወርሰው «ፕራክሊት» ብለውታል። የጥንት መምህራኖቻቸው አንድ ትእዛዝ የፈጸመ ሰው አንድ ፕራክሊት አተረፈ ብለው ያስተምሩ ነበር። በዛሬዋ እስራኤል ቃሉ የሕግ ባለሙያ መጠሪያ ሆኖ ይሠራል።

የዮሐንስ ወንጌል ቃሉን የሚያነሣው በጸሎተ ሐሙስ ማታ ነው። ጌታ ሊለያቸው ነው፤ ደቀ መዛሙርቱ ታውከዋል። የተስፋው ቃል «ሌላ» ጰራቅሊጦስ እንደሚሰጣቸው ይናገራል። ይህች «ሌላ» የምትል ቃል በችኮላ የምትታለፍ አይደለችም። ሌላ ካለ ፊተኛው ማን ነው? መልሱ በመልእክቱ ውስጥ አለ፤ በዚያ ክርስቶስ ራሱ በዚሁ ስም ተጠርቷል። እንግዲህ ሌላው ጰራቅሊጦስ፣ መንፈስ ቅዱስ፣ የሚመጣው ክርስቶስ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሆኖ ያደርገው የነበረውን ሊያደርግላቸው ነው፦ ያስተምራቸዋል፣ የነገራቸውን ያሳስባቸዋል፣ ስለ እርሱ ይመሰክራል፣ ዓለምንም ይወቅሳል። ምስክርነትና ወቀሳ የችሎት ሥራዎች ናቸው። ደቀ መዛሙርቱ ከምኵራብ እንደሚባረሩ እንደሚገደሉም በተነገራቸው በዚያው ንግግር፣ ተከሳሽ ሆኖ የሚቆመው ዓለም መሆኑ የቃሉን ኃይል ያሳያል።

ይህን ሁሉ የሚሸከም አንድ ቃል ማግኘት ተርጓሚዎችን አስቸግሯል። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ኦሪገን የተባለው የክርስትና መምህር ቃሉ ለክርስቶስ ሲነገር የሚማልድ፣ ለመንፈስ ቅዱስ ሲነገር የሚያጽናና ማለት ነው ብሎ ለየው። በሄሮኒመስ ስም የሚታወቀው የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ ወንጌሉ ላይ የግሪኩን ቃል እንዳለ ትቶ፣ መልእክቱ ላይ ጠበቃ ይላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በዮሐንስ 14፥16 አጽናኝ፣ በመልእክቱ ጠበቃ ይላል። «አጽናኝ» ዛሬ የሐዘን ቤትን ያስታውስ እንጂ ሥሩ «ጸና» ነው፤ እንባ ከማበስ አልፎ የሚያጸና፣ እንዳይወድቅ የሚያቆም ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ጰራቅሊጦስን ናዛዚም (የሚያጽናና) መጽንዒም (የሚያጸና) ብለው የሚፈቱት ከዚሁ ጋር ይስማማል።

የግእዝ ወንጌል ተርጓሚዎች ደግሞ ቃሉን ሳይፈቱ አስቀሩት። አጻጻፉም የዘመኑን ንባብ ይዟል፦ የግሪኩ «ፒ» በጰ፣ «ካፓ» በቀ፣ «ታው» በጠ ገብተዋል፤ ጴጥሮስና ማርቆስ የተጻፉትም በዚሁ መንገድ ነው። ላቲኑ «ክሌ» ያለውን ግእዙ «ቅሊ» ማለቱ በዚያ ዘመን የግሪኩ ፊደል «ኤታ» «ኢ» ተብሎ ይነበብ እንደነበር ያመለክታል። ጰ የምትባለዋ ፊደል ራሷ ወደ ግእዝ ገበታ የገባችው እንዲህ ላሉ የባዕድ ቃላት ነው።

መንፈስ ቅዱስ በዮርዳኖስ በርግብ አምሳል፣ በኢየሩሳሌም በዐውሎ ነፋስ ድምፅና በእሳት ልሳን ተገልጿል። ሠዓልያን በሐዋርያት ራስ ላይ የሚሥሉት ነበልባል ከዚህ የመጣ ነው። ጰራቅሊጦስ የሚለው ስም ግን የሚሣል ምልክት አይሰጥም፤ የሚናገረው ከሰው ጎን ስለሚቆም አካል ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስሙ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት በዓልም ስም ሆኗል። በዓሉ ከትንሣኤ ጀምሮ ሲቆጠር በ50ኛው ቀን እሑድ ይውላል፤ እስከዚያ ድረስ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ በማግስቱ ሰኞ ጾመ ሐዋርያት ይገባል።