ከጡረታው ደብዳቤ በኋላ

በመተማዋ ኮኪት ሰው ሲሞት ቀብሩ አያድርም፤ ሙቀቱ አያሳድርም። ሌሊት ያረፈ ሰው በማግስቱ ይቀበራል፤ ቢበዛ ዘመድ ከገንዳ ውኃ እስኪደርስ ይጠበቃል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ መርዶ ይነገራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ የዕድሩ ዕቃ ይወጣል። ሟቹ መምህር ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ወደ እኔ ይላካል። «የሕይወት ታሪኩን ጻፍልን» ይለኛል።

እኔ ዘንድ የሚላከው ጸሐፊ ስለሆንኩ አይደለም። የመምህራንን የግል ማህደር የምይዝ የሰው ኃይል ባለሙያ ነኝ፤ ቅጥር፣ ዝውውር፣ የደረጃ እድገት፣ ጡረታ በእኔ ጠረጴዛ ያልፋል። ማህደሩ ከመደርደሪያ ወርዶ አቧራው ሲራገፍ ሁሉም ነገር እዚያው ያለ ይመስላል። የቅጥር ደብዳቤው፣ የምስክር ወረቀቱ፣ ከጀማሪ መምህር እስከ መሪ መምህር የተወጣባቸው እርከኖች፣ የተቀጡበት ካለ ቅጣቱ። ከዚያ እየገለበጡ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ መጀመር፣ «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» ብሎ መቀጠል፣ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ብሎ መጨረስ ነው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ለቀስተኛውም የለመደው ስለሆነ የሚያማርር የለም።

የማማርረው እኔ ነኝ። ማህደር የሚዘጋው ሰውየው ሲሞት ሳይሆን 60 ዓመት ሲሞላው ነው። የመጨረሻዋ ወረቀት የጡረታ ደብዳቤዋ ናት። ከእሷ በኋላ ሰው አሥርም አሥራ አምስትም ዓመት ቢኖር፣ ምን እየሠራ እንደኖረ የሚናገር ወረቀት አይገባም። ስለዚህ የሚነበበው ጽሑፍ «በጡረታ ተገለሉ» ይልና በቀጥታ ወደ ሕመሙ ይዘላል።

የጡረታ ሕጉ አገልግሎትን በጥንቃቄ ይቆጥራል፤ በዚህ አይታማም። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙ ይወሰድና 30 በመቶው መነሻ ይሆናል፤ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 38 ዓመት ያስተማረ መምህር 65 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። ሲሞት ባለቤቱ የአበሉን ግማሽ ትወስዳለች። ለዚህ ሁሉ ሰንጠረዥ አለን። ከ60 በኋላ በነፃ ለተሠራ ሥራ ግን አንዲት ዓምድ የለንም።

ባለፈው ክረምት ያረፉት የሒሳብ መምህር እንዲህ ያለ 38 ዓመት ነበራቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ኮኪት ላለ ሰው መጻፍ አያስፈልግም። ከደጋ የመጡ ናቸው። ወጣት ሳሉ ሐምሌ 1 ቀን 1971 በተጀመረውና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በሸለመው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማታ ማታ ገበሬ ሲያስተምሩ ነበር፤ የዘመቻው የምስክር ወረቀት ማህደራቸው ውስጥ አለ። ማህደራቸው ውስጥ የሌለው ገመዳቸው ነው።

ቆላውን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። እኛ ዘንድ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ነው። ክረምት ላይ ለአረም፣ መስከረም ጠብቶ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም፣ ከደጋው ጎንደር፣ ከሌላም አገር ሳሉግ የምንለው የወቅት ሠራተኛ ይጎርፋል። አረሙ በኮንትራት ሲሆን ክፍያው በሄክታር ነው፤ ጠቡም የሚነሳው ከዚያ ነው። ማሳ እንደ ደብተር ገጽ አራት ማዕዘን ሆኖ አይገኝም። አንደኛው ወገን ወደ መንገዱ ሰፍቶ፣ ሌላው ወደ ወንዙ ጠብቦ ይሄዳል። አንድ ጊዜ እኔው ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። የማሳው ሰፊ ጎን 200 ሜትር፣ ጠባቡ 120፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት 150 ሜትር ነው። ባለማሳው ጠባቡን ጎን ይዞ «1.8 ሄክታር ነው» አለ። ሠራተኞቹ ሰፊውን ይዘው «3 ነው» አሉ። ሁለቱም ወገን በትክክል አባዝቷል፤ ሁለቱም ወገን የሚጠቅመውን ጎን መርጧል። ዱላ ሊነሳ ምንም አልቀረው።

መምህሩ በየአሥር ሜትሩ የተቋጠረ ገመዳቸውን ለሁለት ልጆች አስይዘው ሁሉንም ጎን እንደ አዲስ ለኩ። ከዚያ መሬት ላይ በእንጨት ሥለው «ሰፊውንና ጠባቡን ደምሩ፣ ለሁለት አካፍሉ» አሉ። 160 መጣ። «አሁን በ150 አባዙ።» 24 ሺህ ካሬ ሜትር፤ 2.4 ሄክታር። መልሱን ነግረዋቸው አልሄዱም፤ ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ከባለማሳው ወገን አንዱ ራሱ ሠርቶ እስኪያገኘው ጠበቁ። አንድ ጎረምሳ ሦስት ጊዜ ሲሳሳት ፀሐዩ ላይ ቆመው አዩት። ክፍያ አይቀበሉም ነበር። ሻይ ይጠጣሉ፤ ስኳር በዛበት ብለው ይቆጣሉ። ጡረታ በወጡ በዓመቱ በአካባቢው «ጋሼ ይለኩት» የሚለው ቃል ክርክር መዝጊያ ሆነ።

ሁለተኛው ሥራቸው ከእኔ ሥራ ጋር ስለሚገናኝ ነው መሰለኝ ከገመዱ ይልቅ የምወደው እሱን ነው። ሳሉግ በአብዛኛው መታወቂያ ይዞ አይመጣም። ሜዳ ላይ፣ ከግራር ሥር፣ በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ላይ ያድራል። ካላዛር የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትኖረው እዚያው ነው፤ ወባውም አለ። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ያለው፣ የከሳ፣ ግራ ሆዱ በጣፊያ የተነፋ ሰው ጤና ጣቢያ ሲደርስ አንዳንዴ ስሙን እንኳ መናገር አይችልም። አብረውት የሚሠሩት የሚያውቁት «ጎጃሜው» ብቻ ይሆናል። ለማን ይነገር? የት ይላክ?

መምህሩ የገበያ ቀን ጠብቀው ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ይቀመጡና የደብተር ወረቀት በአራት እየቀደዱ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ይጽፉለት ነበር፤ ስም ከነአያት፣ ወረዳና ቀበሌ፣ ወላጅ ወይም ሚስት፣ የሚደወልበት ስልክ። ላብ እንዳያጠፋው በፌስታል ጠቅልለው ኪሱ ይከቱለታል። መጻፍ የሚችል ከሆነ ራሱ እንዲጽፍ ነው የሚያስገድዱት። ማንበብ የማይችለውን ደግሞ «ነገ ማታ ና» ይሉታል። የመጡት በመብራት ፊደል ቆጥረዋል። የሱዳኑ ጦርነት በሚያዝያ 2015 ፈንድቶ ሕዝቡ በመተማ ዮሐንስ በኩል ሲፈስም ገበያ ላይ በለመዱት አረብኛ ያንኑ ወረቀት ይጽፉ እንደነበር ሰምቻለሁ።

እንግዲህ የእኚህን ሰው ታሪክ ከማህደር ብቻ ቅዳ ብትሉኝ የምጽፈው የስድስት ትምህርት ቤት ስምና የደመወዝ እርከን ነው።

ነገሩ የእኛ ቆላ ብቻ አይደለም። ጋሽ አስፋው የምሩን አስቡ። ቡልጋ ተወልደው ገና በዘጠኝ ዓመታቸው ብቻቸውን አዲስ አበባ የገቡ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከነዳያን ጋር ያደሩ ልጅ ነበሩ። በኋላ ጄኔራል ዊንጌት የነፃ ትምህርት ዕድል አገኙ። ራሳቸው ገና ተማሪ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ከግቢው ውጭ ዛፍ ሥር የጎዳና ልጆችን ሰብስበው ፊደል ማስቆጠር ጀመሩ። ከዚያ ዛፍ ሥር የተነሳው አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ሆነ። ገንዘብ ለመሰብሰብ ሐረር ድረስ በእግራቸው ተጉዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ሕፃናት ሽልማትን አግኝተዋል፤ ሚያዝያ 30 ቀን 2013 ዓ.ም. አርፈዋል። እኔን የሚያስገርመኝ ያ ዛፍ ሥር ያለው ቀን ነው። የቀጠራቸው የለም፣ ደመወዝ የለም፣ እርከን የለም። በእኔ መዝገብ ቤት ሚዛን ያ ቀን ባዶ ነው። ያስተማሯቸው ልጆች ስለሚናገሩ፣ የጻፈም ሰው ስለተገኘ ግን ታወቀ። መተማ ሲባል አገሩ ሁሉ መጋቢት 1881ንና አፄ ዮሐንስን ያነሳል፤ ይገባቸዋል፣ የተጻፈላቸው ንጉሥ ናቸው። የኮኪቱን መምህር የሚጽፍላቸው ግን እኛ ካልሆንን ማንም አይመጣም።

አሁን የሕይወት ታሪክ ጻፍ ስባል ማህደሩን ለዓመተ ምሕረት ብቻ እከፍተዋለሁ። የሟቹን ልጆች በዚያ ሰዓት አላስቸግርም፤ ሐዘን ላይ ናቸው፣ ደግሞም ልጅ አባቱ ውጭ የሚሠራውን እምብዛም አያውቅም። የምሄደው ወደ ሻይ ቤቷ ባለቤት፣ ወደ መድኃኒት መደብሩ፣ ወደ ዕድሩ ዳኛ፣ ሟቹ ክርስቲያን ቢሆኑም መስጊዱ አጠገብ ወዳለው ባለሱቅ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ «በሩን ማን ያንኳኳ ነበር፣ ለምን ጉዳይ?» «ሰው አክባሪ፣ ቸር፣ ለተቸገረ ደራሽ» የሚለውን ሐረግ ከጽሑፌ አውጥቻለሁ፤ ለሁሉም ሟች ስለሚነበብ ለማንም አይሆንም። በመምህሩ ታሪክ ላይ በቦታው 2.4 ሄክታሯን ጻፍኩ። ቀብሩ ላይ ሲነበብ ያ ባለማሳ ከኋላ ሆኖ «የእኔ ማሳ ነው» ሲል ብዙ ሰው ሰምቷል። እርግጥ አንድ ሽማግሌ ቁጥር በቀብር ላይ አይነበብም ብለው ወቅሰውኛል። አልተስማማሁም።

ሆኖም በአንድ ሌሊት የሚለቀም ታሪክ ሁልጊዜ ይጎድለዋል። ገመዱን ከየት እንዳመጡት፣ ወረቀት የመጻፉ ሐሳብ ከማን ሞት በኋላ እንደመጣላቸው መጠየቅ የነበረበት እሳቸውን ነበር፤ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ በየገበያው ቀን ይገኙ ነበርና።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በሰፈርህ ጡረታ የወጣ መምህር ወይም መምህርት ካሉ በሕይወት እያሉ ሂድና ጠይቅ። ደብተር ያዝ። ከጡረታ በፊት ያለውን ተወው፤ እሱ እኛ ዘንድ ተቀምጧል። ከደብዳቤው በኋላ ምን እንደሠሩ፣ ማን ይመጣባቸው እንደነበር፣ በምን እንደተጣሉ ጻፍ፤ ራሳቸው ያንብቡትና ያርሙት። አንዱን ቅጂ ለቤተሰብ፣ አንዱን ለዕድሩ ጸሐፊ ስጥ። ኮኪት ያላችሁ ደግሞ ሦስተኛውን ለእኔ አምጡልኝ፤ ማህደሩ ውስጥ ከጡረታው ደብዳቤ በስተኋላ አያይዘዋለሁ።