ድካሙ የዕድሜ ብቻ ነውን?

በመርሳና በሐብሩ ገበሬው የሚኖረው በጉልበቱ ነው። ጤፍና ማሽላ ያርሳል። መስኖ ይጠልፋል። ብርቱካንና ማንጎ ገበያ ያወጣል። ጉልበቱ ሲከዳው ግን «እንግዲህ አርጅቻለሁ» ይልና ዝም ይላል። የአልጋው ነገር ሲቀርማ ጭራሽ አይናገርም። ሚስት «ሌላ ሴት ይዞብኝ ነው» ትላለች። ባል «መድኃኒት አስነክተውኝ ነው» ይላል። ቤቱ ይታመሳል።

እኛ አስተማሪዎቹ በዕድሜ ልጆቻችሁ ነን። ነገሩን በአክብሮት፣ ግን ሳንሸፋፍን እንነግራችኋለን።

ቴስቶስትሮን ምንድን ነው?

በወንድ ሰውነት ውስጥ ቴስቶስትሮን የሚባል ሆርሞን አለ። በብዛት የሚሠራው በዘር ፍሬ ውስጥ ነው። ከዚያ በደም ይዞራል። ጎረምሳው ጢም የሚያበቅለው፣ ድምፁ የሚጎረንነው፣ ጡንቻው የሚጠነክረው በእሱ ነው። ዕድሜ ከ40 ዓመት ሲያልፍ ሆርሞኑ በየዓመቱ ከ100 እጅ 1 እጅ ያህል ይቀንሳል። ይህ በሽታ አይደለም። በጣም አንሶ ምልክት ሲያመጣ ግን ሕክምና ያሻዋል።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

1. የግብረ ሥጋ ፍላጎት ይቀንሳል።
2. ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ ብልት እንደ ቀድሞው አይቆምም።
3. ሰውየው ብዙ ሳይሠራ ይደክመዋል። ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ቦርጩ ይጨምራል።
4. ጢሙና የብብቱ ጠጉር ይሳሳል።
5. ሆድ ይብሰዋል፤ ይነጫነጫል።
6. አጥንቱ ይሳሳል፤ በቀላሉ ይሰበራል።

ይበልጥ የሚጠቁሙት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ድካም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የስኳር በሽታ፣ የደም ማነስ፣ የሳንባ ነቀርሳና የመንፈስ ጭንቀትም ሰውን ያደክማሉ። ውሃ ቶሎ ቶሎ የሚጠማው፣ ሌሊት ለሽንት የሚመላለስ ሰው ስኳር ሊኖርበት ይችላል። የብልት አለመቆም አንዳንዴ የልብ ደም ሥር መጥበብ ምልክት ነው። ስለዚህ «እርጅና ነው» ብሎ የተቀመጠ ሰው ሌላ በሽታ አቅፎ ሊቀመጥ ይችላል።

ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ለባለሙያው ሁሉንም ሳናፍር እንንገረው። ስኳርና ደም ግፊት ይታያል። የሆርሞኑ ምርመራ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ፣ ካስፈለገ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ሌላ ትልቅ ሆስፒታል ይልካሉ። ደሙ የሚቀዳው ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ነው፤ ሆርሞኑ ከፍ የሚለው ያኔ ነውና። አንድ ጊዜ ታይቶም አይበቃም። በሌላ ቀን ይደገማል።

ከገበያ ዱቄት ገዝተን አንጠጣ። ቪያግራም ሆርሞን አይጨምርም። ናይትሬት የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቪያግራ ቢውጥ፣ የደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል። ሆርሞኑን ራሱን የሚያዘው ሐኪም ብቻ ነው። ልጅ መውለድ የሚፈልግ ሰው ይህን አስቀድሞ ይንገር፤ መድኃኒቱ ዘርን ይቀንሳልና። ቦርጭን መቀነስ፣ መጠጥን መተውና በቂ እንቅልፍ መተኛትም ይረዳሉ።

እናቶችም ባሎቻችሁን አትጠርጥሩ። አብራችሁ ሂዱ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል።

እንወያይ

1. ከምልክቶቹ ሦስቱን ጻፉ።
2. ደሙ ለምን ጠዋት ይቀዳል?
3. በሰፈራችን ወንዶች ይህን ሕመም ለምን ይደብቃሉ?