ውሻችሁ ሲጠራ እንዲመጣ

የጎረቤት ልጅ ግቢ ሲገባ ውሻው ይነሣበታል። «ና!» ትሉታላችሁ፤ አይመጣም። ለምን? ሌላ ቀን ሲመጣ መታችሁታል፤ ወይም መልሳችሁ አስራችሁታል። ስለዚህ «ና» ማለት ዱላ ነው ብሎ ተምሯል። ጥፋቱ የውሻው አይደለም፤ የእኛ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ከማብላታችሁ በፊት ሁለት እርምጃ ራቁና በስሙ አንድ ጊዜ ጥሩት። ሲመጣ ወዲያው ቁራሽ እንጀራ ስጡት፤ ዳብሱት። በቀን አምስት ስድስቴ ይበቃል። ሲለምድ ርቀቱን ጨምሩ። እምቢ ካለ አታሯሩጡት፤ ጨዋታ ይመስለዋል። ዞር ብላችሁ ብትሄዱ ይከተላችኋል። በግ አባሮ የመጣ እንኳ ቢሆን፣ ከመጣ አትምቱት። ይሄ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ።

ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሰለቸው ውሻ ገመድ ያኝካል፤ በከንቱ ይጮሃል። ጠዋት ከከብት ጠባቂው ጋር ይሂድ። ፍርፋሪውንም ሣር ውስጥ በትኑለት፤ በአፍንጫው ሲፈልግ ይቆያል። የተቀቀለ አጥንት ግን ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋልና ይቅርባችሁ።

ሲጠራ የሚመጣ ውሻ ለክትባትም አያስቸግርም። የእብድ ውሻ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ይሂድ።